ሳማ እየለቀምኩ ልጆቼን ማብላቴ እምነት ማጣት ነው ወይ?

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከሰሜን ሸዋ ነው፤ ከጣርማበር ወዲያ፣ ከወፍ ዋሻ ጫካ ግርጌ። እኔ እየነገርኩት የሚጽፍልኝ ትልቁ ልጄ ነው። ባለቤቴ የቀን ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ከሄደ ቆየ። ከጥር ወዲህ የላከው ነገር የለም፤ ሥራ ጠፋ ይላል። አምና ገብሳችንን ውርጭ መታው። ዘንድሮ ደግሞ በልጉ ዘግይቶ ጣለና የዘራሁት ገና ጣት አያህልም። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ትንሿ ጡት ከተወች ዓመት አልሞላትም።

ዝናቡ ከጣለ ወዲህ ሳማው በየአጥሩና በጫካው ዳር ብቅ ብሏል። እሱን እየለቀምኩ፣ ትንሽ ዱቄት ጣል እያደረግሁ አበላቸዋለሁ። ሰው ሲመጣ ድስቱን እከድናለሁ። የባለቤቴ እህት ግን አንድ ቀን ከፍታ አየችው። «ክርስቲያን በእምነት ይጠብቃል እንጂ እንደ ዝንጀሮ ጫካ ለጫካ አይዞርም፤ ይሄ ተስፋ መቁረጥ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አንገቴን ደፍቼ ነው። ሰንበቴም ቀርቻለሁ፤ ተራዬ ደርሷል፣ የምደግሰው የለኝም። ልጄ ማታ ማታ ዳዊት ሲደግም እሰማለሁ፣ ግን ልቤ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። ለክረምት ያስቀመጥኩት የባቄላና የገብስ ዘር በጎታ አለ። እንዳልነካው ክረምቱን ፈራሁ፣ እንዳልተወው ልጆቼን አያለሁ። እትዬ፣ የማደርገው ኃጢአት ነው? ከጫካውስ ሌላ ምን ብለቅም አይጎዳቸውም? ትንሣኤ ቀርቧል ይላሉ። እኔ ግን ሰው የለኝም።»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ድስቱን ክፈቺው።

ሳማ መልቀም ኃጢአት አይደለም። እምነት ማጣትም አይደለም። ተስፋ የቆረጠ ሰው በማለዳ ተነሥቶ፣ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ የሚለበልብ ቅጠል አይለቅምም። ይተኛል። አንቺ አልተኛሽም።

ለባለቤትሽ እህት መልስ ካስፈለገ ልጅሽ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4ን ከቁጥር 38 ጀምሮ ያንብብላችሁ፤ እሷም ባለችበት ቢሆን ጥሩ ነው። በምድሪቱ ረሃብ ነበር ይላል። የነቢያት ልጆች በነቢዩ ኤልሳዕ ፊት ተቀምጠዋል። ኤልሳዕ «ረሃብ ነው፣ እንግዲህ ዝም ብለን እንጠብቅ» አላለም። ትልቁን ምንቸት ጣዱ ነው ያለው። አንዱ ቅጠል ሊለቅም ወደ ሜዳ ወጣ፤ ለምን ወጣህ ብሎ የነቀፈው የለም። ጥፋቱ የመጣው በኋላ ነው። የዱር ሐረግ አገኘ፣ ፍሬውን በልብሱ ሞልቶ አመጣ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ከትፎ ድስቱ ውስጥ ጨመረው። ሲቀምሱት በምንቸቱ ውስጥ ሞት አለ ብለው ጮኹ። ነቢዩ ዱቄት አስመጥቶ ጨመረበትና ክፉው ነገር ጠፋ። እኔና አንቺ ግን ኤልሳዕ አይደለንም። አንዴ የገባ መርዝ በዱቄት አይወጣልንም። ስለዚህ ውጪ፣ ልቀሚ፣ የማታውቂውን ግን አትንኪ።

አሁን ወደ ለቀማው እንምጣ።

ሳማን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ያም ቢሆን ጥቂት ልበል። የእኛ የደጋው ሳማ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም። በረት ዳር፣ ካብ ሥር፣ ፍግ የወደቀበት መሬት ይወዳል። ለጋ ጫፉን ብቻ ቁረጪ፣ ደግሞም ሳያብብ። ካበበ ይጠነክራል፣ ለሆድም አይመችም። የሚለበልበው ፀጉሩ ሲታሽና ሲበስል ይሞታል፤ ስለዚህ ድንጋይ ላይ በደንብ አሽተሽ፣ አጥበሽ፣ እስኪልም ቀቅይው። ነጭ ሽንኩርት ካለሽ ጣል አድርጊበት። መድኃኒት ከተረጨበት ማሳ ዳርና ከመኪና መንገድ ጠርዝ የበቀለውን ግን ተዪው።

ሳማ ብዙ ብረትና ካልሲየም አለው፣ ፕሮቲኑም ለቅጠል ደህና ነው። የሚጎድለው ጉልበት የሚሰጥ ነገር ነው። ልጅ ሆዱ በሳማ ሞልቶ፣ ጠግቤያለሁ ብሎ፣ ሰውነቱ ግን ሊራብ ይችላል። ይሄንን ብዙ እናቶች ልብ አይሉትም፤ ልጁ አላለቀሰም ማለት በልቷል ማለት ይመስላቸዋል። ያለሽን ዱቄት ለትልልቆቹም እንዲዳረስ ብለሽ አታቅጥኚው። የትንሿን ድርሻ ለብቻ አውጥተሽ ወፈር አድርጊው፣ ጠብታ ዘይት ካገኘሽም እዚያ ላይ ይግባ። አንቺ ቀጭኑን ብትበዪ ትችይዋለሽ፣ እሷ ግን አትችልም።

እንጆሪና ቀጋ ጊዜያቸው ሲደርስ ልጆቹ ራሳቸው ያገኟቸዋል፣ ማንም ማስተማር የለበትም። ቀጋን ግን ውስጡን አውጥተው እንዲበሉ ንገሪያቸው፤ ውስጡ ያለው ፀጉር ጉሮሮ ይቆጠቁጣል። እምቧጮንም ለጋ ግንዱን ልጠው ያኝካሉ። ለአፍ መኮምጠጫ ያህል ነው፣ ማዕድ አይሆንም፣ ሲበዛም ጥሩ አይደለም።

አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል፣ ወደ ወይና ደጋው ስትወርዱ አጋም አለ። እዚያው አገር ደግሞ ምረንዝ አለ፤ ሲበስል እሱም ጥቁር ወይን ጠጅ ፍሬ አለው፣ ሲቆረጥ እሱም ነጭ ወተት ያወጣል። ልጅ ቢሳሳት አይፈረድበትም። ምረንዝ በጣም መርዛም ነው፤ የጥንት አዳኞች የቀስታቸውን ጫፍ የሚቀቡት ከእሱና ከመሰሎቹ ነበር። መለያው እሾህ ነው። አጋም እሾሃም ነው፣ ምረንዝ እሾህ የለውም። ለልጆችሽ «እሾህ ከሌለው አጋም አይደለም» በያቸው፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

ከሁሉ ይልቅ የምፈራልሽ ግን አስተናግርን ነው፣ አንዳንዱ አጠፋሪስ ይለዋል። ሳማ በሚወደው ቦታ ሁሉ ይበቅላል፣ በረት ዳር፣ ቆሻሻ መጣያ ላይ። በጥድፊያ ስትለቅሚ ለጋ ቅጠሉ ከጎመኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዐይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል። በልጅ ላይ ይከፋል፣ ሊገድልም ይችላል። ስለዚህ ጨለም ሲል አትልቀሚ፤ ሰው እንዳያይሽ ብለሽ በምሽት የምትወጪ ከሆነ ይሄ ሐፍረትሽ ልጆችሽን ሊያስከፍላቸው ነው። ልጆቹ ለቅመው ሲያመጡም ድስት ከመግባቱ በፊት መሶብ ላይ ዘርግተሽ አንድ በአንድ እዪው። እንዲህ ያለ ነገር የበላ ልጅ ካለ ጠበል ቦታ ወይም ጤና ጣቢያ ብላችሁ አታመንቱ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ቅጠሉንም ይዛችሁ።

የጅብ ጥላን ጨርሶ እርሺው። የሚበላ አለ፣ የሚገድልም አለ፣ አንዱን ከአንዱ መለየት የለመደ ሰው ይፈልጋል። መቀቀል መርዙን አያጠፋውም።

ጓያ የጫካ ነገር አይደለም፣ ግን ካልተናገርኩት አይሆንልኝም። በክፉ ጊዜ ርካሽ እሱ ነውና ሰው ወደ እሱ ይዞራል። ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል፣ የተሽመደመደ እግር ደግሞ አይመለስም። ለሳማው የምትጨምሪው ዱቄት የጓያ እንዳይሆን። ሌላ ከሌለሽ ዘፍዝፈሽ ውኃውን ድፊው፣ ከገብስ ጋር ጥቂቱን ብቻ ቀላቅይው፣ በየቀኑም አታድርጊው።

ስለ ጫካው ደግሞ አንድ ነገር። ሳማውን ከሥሩ አትንቀይው፣ ጫፉን ስትወስጂ መልሶ ያቆጠቁጣል። ችግር ሲመጣ ሰው ከቅጠሉ አልፎ ወደ ግንዱ ይሄዳል፣ አንድ ሸክም እንጨት ለገበያ ማለት ይጀምራል። ይሄንን አደራ። ወፍ ዋሻ የቆየ ጫካ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በመናገሻ ተራራ ያስተከሉት የሐበሻ ጥድ ዘሩ ከእናንተ ጫካ የተወሰደ ነው ይባላል። ከእናንተ በላይ በመንዝ ያሉትም ሰዎች ጓሳ የሚባለውን የሣር ምድር ቄሮ በሚሉት የድሮ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ይዘጉት ነበር፣ ለዓመታት ማንም አይነካውም ነበር፣ ሲደርስ በስምምነት ይከፍቱት ነበር። ችግር ሳያውቃቸው ቀርቶ አይመስለኝም። ስለሚያውቁ ነው የጠበቁት።

አሁን ወደ ሐፍረቱ እንሂድ።

ገዳማውያን አባቶቻችን ቅጠል በጥሰው፣ ሥር ምሰው በሉ ሲባል በገድላቸው ይነበባል፣ እኛም እጅ እንነሣለን። ድሃ እናት ያንኑ ቅጠል ስትበላ ውርደት ይሆናል። ይሄ ነገር ለእኔ አይገባኝም። ልዩነት የለም አልልም፤ እነሱ መርጠውት ነው፣ አንቺ ቸግሮሽ ነው። ረሃብሽንም ቅድስና ነው ብዬ አላሞግስሽም። ረሃብ ጽድቅ አይደለም፣ የተራበ ልጅም የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ተብሎ ዝም የሚባል ነገር አይደለም። ሐፍረት ካለ ግን የአንቺ አይደለም። ጎረቤት ሳማ እየበላ ያንን እያየ የሚስቅ ሰው ካለ እሱ ይፈር።

ደግሞስ የማን ቤት ነው ሳማ ያልተበላበት? ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በክፉ ቀን ከብቱ በሽታ ገብቶበት ሲያልቅ፣ የሚያርስ በሬ ሲጠፋ፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ ይባላል፤ ሰው በእጁ መቆፈርን እንዳይንቅ። ንጉሥ ያላፈረበትን አንቺ ምን አሳፈረሽ? በሰባ ሰባቱም ድርቅ ስንቱ በቅጠል ነው ነፍሱን ያቆየው። ዛሬ ከተማ ውስጥ ሳማን ለጨጓራ ጥሩ ነው እያሉ በዋጋ የሚበሉ ሰዎች አሉ፤ የእናንተ ሰፈር ሲደርስ ስሙ ይጠፋል።

ልቤ ውስጥ ምንም የለም ላልሽው። ልጅሽ የሚደግመውን ዳዊት እስከ መጨረሻው ይግለጥልሽ፤ ከመዝሙራቱ በኋላ ጸሎተ ነቢያት አለ፣ እዚያ ውስጥ የነቢዩ ዕንባቆም ጸሎት አለ። በለስ ባታፈራ፣ በወይን ሐረግ ፍሬ ባይገኝ፣ እርሻዎች መብል ባይሰጡ፣ በጎች ከበረቱ ቢጠፉ፣ ላሞች በጋጣ ባይኖሩ እያለ የጎደለውን ሁሉ ይቆጥራል። አንዱንም አይደብቅም። ከቆጠረ በኋላ ነው «እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል» የሚለው። አንዳንድ ሰባኪ ሁለተኛውን ብቻ ይዞ ይሮጣል። አንቺ በመጀመሪያው ላይ ቆዪ። ጌታ ሆይ ገብሱን ውርጭ መታው፣ ባሌ ዝም አለ፣ ዱቄቱ አለቀ ብለሽ አንድ በአንድ ቁጠሪለት። ይሄም ጸሎት ነው። ሁለተኛው ክፍል ከአፍሽ አልወጣ ካለ ልጅሽ ይበልልሽ፣ አንቺ አሜን በይ። ተስፋ ማለት ሁልጊዜ ልብ ሞቅ ሲል የሚታወቅ ነገር አይደለም። ጳውሎስም በሮሜ 5 መከራ ትዕግሥትን፣ ትዕግሥት ፈተናን፣ ፈተና ተስፋን ያደርጋል ሲል ተስፋውን መጨረሻ ላይ ነው ያመጣው። ታዲያ መሐል መንገድ ላይ ያለ ሰው ገና አልደረሰብኝም ቢል ምን ያስገርማል?

ሌላው ቃልሽ ግን አላስተኛኝም። «ሰው የለኝም» ብለሻል። ይሄ የመፃጉዕ ቃል ነው፤ በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ የሚነበበው፣ ዮሐንስ 5። 38 ዓመት በአልጋው ላይ የተኛ ሰው፣ ውኃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደኝ ሰው የለኝም ያለ። ጌታ ለምን ሰው አጣህ ብሎ አልመረመረውም፣ አስነሣው። የአንቺ ግን፣ ካልተቀየምሽኝ፣ ትንሽ ይለያል። መፃጉዕ ሰው አጥቶ ነው። አንቺ ሰዎች አሉሽ፣ ከእነሱ ተደብቀሽ ነው። ድስት የምትከድኚባቸው ጎረቤቶች፣ የቀረሽባቸው የሰንበቴ ሰዎች፣ ሙሉውን ያልነገርሽው ባል።

ሰንበቴ ሂጂ። በመጪው እሑድ፣ ባዶ እጅሽን። ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴውን መሪ፣ ሙሴውን፣ ለብቻቸው ጠርተሽ «ተራዬ ደርሷል፣ ዘንድሮ ግን አልቻልኩም፣ ይለፈኝ» በያቸው። ሰበብ፣ ምክንያት፣ ሕመም አትቀላቅዪበት። ሰንበቴ የቆመው ነዳያን እንዲበሉ፣ ሰው ከሰው እንዲተያይ ነው። ጠላ ስላልጠመቅሽ የሚያስወጣሽ ሰንበቴ ካለ ሰንበቴነቱ ቀርቷል። እኔ ግን የእናንተ አገር ሰው እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላስብም። ምናልባት ያንቺን መቅረት እንደ ኩራት ቆጥረውት ይሆናል፣ ማን ያውቃል። ከዚያ ቀበሌ ሄደሽ ሴፍቲኔት ወይም ሌላ እርዳታ ካለ ስምሽን አስመዝግቢ፤ አንዴ የለም ካሉሽ ተመልሰሽ ጠይቂ። ለባልሽም ልጅሽ እውነቱን ይደውልለት፤ ሳማ እየበላን ነው ይበለው። ወንድ ልጅ ከሩቅ ሆኖ ሁሉ ደህና ነው ሲሉት ደህና ነው ብሎ ይቀመጣል።

ትንሿን ልጅ ሳትውዪ ሳታድሪ ጤና ኬላ ውሰጃት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክንዷን በመለኪያው ትለካታለች። በእሷ ዕድሜ ክንዷ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ በጣም ተጎድታለች ማለት ነው፣ እንደ ፕላምፒናት ያለ ምግብና ሕክምና ያስፈልጋታል። እግሯ ወይም ፊቷ ካበጠ መለኪያ ሳትጠብቂ ሂጂ። ያበጠ ልጅ ወፍሯል ተብሎ የሚታለፍበት ጊዜ አለ። ስለ ጾሙም አትጨነቂ። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጾም የለበትም፤ ወተት ወይም እንቁላል የሚሰጥሽ ሰው ካለ ተቀብለሽ ስጫት። ለራስሽም ደክሞሽ ከሆነ ለነፍስ አባትሽ ንገሪያቸው፣ የሚሉሽን ስሚ።

የዘሩ ነገር ከባድ ነው። ዘር በጎታ እያለ ሳማ መብላትሽን ሰው እብደት ሊለው ይችላል፣ እኔ ግን ገብቶኛል። ዘሩ የክረምቱ እርሻ ነው፣ ክረምቱ ደግሞ የሚመጣው ዓመት ነው። መጀመሪያ ከላይ ያልኩሽን ሁሉ አድርጊ፤ ሰንበቴው፣ ቀበሌው፣ ጤና ኬላው። እነሱ አንድ ነገር እስኪያመጡ ድረስ ዘሩ ይቆይ። ይሁንና የልጅቷ ክንድ ቀንሷል ካሉሽና እርዳታው ከዘገየ ከፍተሽ አብያት፣ ማንንም አታስፈቅጂ። ያኔም ሁሉንም አትጨርሺው፣ ከባቄላው ጀምሪ። ባቄላው ከሳማው ጋር ይሻላታል፤ ገብሱ ይቆይልሽ። የጎደለውን ዘር በሰኔ ከዘመድ ወይም ከሰንበቴው ሰው ትበደሪያለሽ። ከነጋዴ በአራጣ አትውሰጂ። ስትበደሪ በቁና ይሰፈር፣ ምስክር ይኑር፣ ስንት ቁና እንደወሰድሽም ልጅሽ በደብተሩ ይጻፈው፤ ከመኸሩ ስትመልሺ በዚያው ቁና ይሁን።